ሳይክሉ ማታ የት ያድራል?

ሆላንድ ገብቶ ሳይክል ሳይገዛ የሚከርም ሰው ብዙም የለም። አዲስ የመጣ ወገን ከሚጠይቀኝ ነገር አንዱም ይኸው ነው፦ «ፍሬሙ፣ ማለትም የሳይክሉ አጽም፣ ከምን የተሠራ ቢሆን ይሻላል?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ማታ የት ነው የሚያድረው? ደጅ ነው ወይስ ቤት ውስጥ?

ከካርቦን ክር የተሠራውን ፍሬም ነገር ቶሎ እንጨርሰው። ለውድድር ግሩም ነው። ለሥራ፣ ለገበያና ልጅ ለማመላለስ ግን ይቅርባችሁ። ጎኑን ከተመታ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጥቁ ደግሞ ከቀለሙ ሥር ይደበቃል። ባቡር ጣቢያ ያለውን የሳይክል ማቆሚያ ታውቁት የለ? ሰው የራሱን ለማውጣት የእናንተን ይጎትታል፣ ይጥላል፣ ጥሎትም ይሄዳል። ቲታኒየም አይዝግም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፤ ዋጋውን ስትሰሙ ግን ራሳችሁ ትተዉታላችሁ።

የቀሩት ብረትና አልሙኒየም ናቸው። አልሙኒየም ክብደቱ የብረት አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው ሲባል ሰው ልቡ ይሸፍታል። ችግሩ ግትርነቱም አንድ ሦስተኛ ገደማ መሆኑ ነው። እንዳይለመጥ ፋብሪካው ቱቦውን ያወፍረዋል። ዞሮ ዞሮ የምታተርፉት አንድ ኪሎ ቢሆን ነው። የዕቃ መጫኛው፣ የሰንሰለት መሸፈኛው፣ መብራቱና ቁልፉ ሲደመር የከተማ ሳይክል ያው 18 ኪሎ አካባቢ ይገባል። የአምስተርዳም ደረጃ ደግሞ መሰላል በሉት። ሦስተኛ ፎቅ ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ አንድ ኪሎም ብትሆን ታስመሰግናለች።

ደጅ የሚያድር ከሆነ አልሙኒየም ግዙ። እዚህ ዝናቡ አያባራም፤ በብርዱ ወራት ደግሞ በረዶ እንዳይሠራ መንገዱ ጨው ይበተንበታል። ብረት ቀለሙ በተላጠበት በኩል ይዝጋል፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ ሳይታይ ይበላል። መጋዘን ወይም ኮሪደር ካላችሁ ግን እኔ ብረት እመርጣለሁ፤ በተለይ ክሮሞሊ (ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ጠንካራ ብረት) የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበትን። ቢሰበር ጎበዝ በያጅ ይጠግነዋል። አልሙኒየምን መበየድ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ከተበየደ በኋላም ጥንካሬውን ለመመለስ በምድጃ ሙቀት መታከም ሊኖርበት ስለሚችል ወጪው አያዋጣም። አገር ቤት ልልከው ነው የምትሉም ይህን አስቡበት።

«አልሙኒየም ያንገጫግጫል» የሚለውን ወሬ ብዙ አትስሙት። የሚያንገጫግጨው በአብዛኛው ቀጭንና ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ ነው። 37 ወይም 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ አስገቡና ከ3 እስከ 4 ባር (ባር የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ንፉት። የጡቡ መንገድ ላይ ልዩነቱን ወገባችሁ ይነግራችኋል።

አሮጌ ስትገዙ ማግኔት ኪሳችሁ ያዙ። ፍሬሙ ላይ ከተጣበቀ ብረት ነው፤ ሻጩ የሚላችሁን አትጠብቁ። ቀጥሎ የመቀመጫውን ብሎን ፈታ አድርጋችሁ ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች ሞክሩት። የአልሙኒየም ዘንግ ግራሶ ሳይቀባ ለዓመታት የብረት ፍሬም ውስጥ ከቆየ ይጣበቃል፤ አንዳንዱን ሳይቆርጡት አይወጣም። ዘንጉ ተጣብቆ ካገኛችሁትና የእናንተ ቁመት ከበፊቱ ባለቤት ካልገጠመ በቃ፣ ተዉት። አልሙኒየም ከሆነ ደግሞ የብየዳ መጋጠሚያዎቹን፣ በተለይ ከመሪው ሥር ያሉትን፣ በስልካችሁ መብራት እዩ። ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ካያችሁ ጭረት ናት ብላችሁ አትለፏት። አልሙኒየም ድካም ያጠራቅማል፤ ስንጥቅ ከጀመረ መስፋቱ አይቀርም።

ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት ፍሬሙ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር የሆላንድ የተሽከርካሪ ባለሥልጣን፣ አርዴቬ (RDW)፣ ድረ ገጽ ላይ አስገቡት። የተሰረቀ ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ ይነግራችኋል። የተሰረቀ መሆኑን መጠርጠር እየቻሉ መግዛት እዚህ ወንጀል ነው። ቁጥሩ ተፍቆ ካገኛችሁት፣ 20 ዩሮ ቢላችሁም እለፉት።