ማሽኑ «አልፏል» ካለ በኋላ ገንዘቡ ተመልሶ ቢገኝ ዕዳ አለብኝን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፥ እንደምን ሰነበቱ? ከጥቂት ወራት በፊት ከአንድ ሱቅ ዕቃ ገዝቼ በባንክ ካርድ ከፈልሁ። ማሽኑ በመጀመሪያው ሙከራ እንቢ አለ፤ በሁለተኛው ግን ደረሰኝ አወጣ፤ ገንዘብ ያዡም «አልፏል» ስላለኝ ዕቃውን ይዤ ወጣሁ። ከሳምንት በኋላ ሒሳቤን ስመለከት ገንዘቡ ተመልሶ አገኘሁት። በዚያ ሰሞን በብርቱ ተቸግሬ እጸልይ ስለ ነበር እግዚአብሔር የሰጠኝ መስሎኝ አመሰገንሁ። ኋላ ግን ልቤ አላርፍ ቢለኝ የዕቃውን ዋጋ ያህል ለነዳያን መጸወትሁ። ስሕተቱ የማሽኑ እንጂ የእኔ አይደለም። አሁንም ዕዳ አለብኝን?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፥ አዎን፥ ገንዘቡ ለሻጩ ሳይደርስ ቀርቶ ከሆነ ዕዳው አለብሽ። ልብሽ አላርፍ ማለቱን ግን እንደ ጥርጥር አትቁጠሪው፤ ሕሊናሽ ሥራውን እየሠራ ነው።

ስሕተቱ የማሽኑ ነው ማለትሽ እውነት ነው፤ ሱቁን ለማታለል እንዳላሰብሽም አምንሻለሁ። ነገር ግን ማሽን ሲሳሳት ስሕተቱ የማሽኑ ይሆናል እንጂ ዕቃው የማሽኑ አይሆንም፤ ዕቃው ከሻጩ እጅ ወጥቶ ወደ አንቺ ቤት ገብቷል። በብዙ ቦታ የካርድ ክፍያ የሚፈጸመው በሁለት እርምጃ ነው። ማሽኑ በመጀመሪያ ካርዱን የሰጠውን ባንክ ይጠይቃል፥ ባንኩም ሲፈቅድ ያን ያህል ገንዘብ በሒሳብሽ ላይ ይዞ ያቆያል፤ ወደ ሻጩ የሚሻገረው ግን ሱቁ የዕለቱን ሒሳብ ልኮ ባንኮቹ ከተሳሰቡ በኋላ ነው። በመካከል መስመር ተቋርጦ ወይም ሒሳቡ ሳይላክ ከቀረ፥ የተያዘው ገንዘብ ከቀናት በኋላ ይለቀቃል። እንግዲህ አንቺ ያገኘሽው ከየትም የመጣ አዲስ ገንዘብ አይደለም፤ ለሻጩ ልከሽው መንገድ ላይ ቀርቶ የተመለሰ የዕቃው ዋጋ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቆምበት የምፈልገው «እግዚአብሔር የሰጠኝ መሰለኝ» ያልሽው ቃል ላይ ነው፤ ይህን ከብዙ ምእመናን አፍ ሰምቼዋለሁና፤ መልስ ተሳስቶ በዝቶ ከተሰጠው ሰውም፥ አንድ ከፍሎ ሁለት ዕቃ ከደረሰው ሰውም። የዮሴፍ ወንድሞች እህል ሸምተው ከግብፅ ሲመለሱ፥ በማደሪያው ስፍራ አንዱ ለአህያው ገፈራ ሊሰጥ ዓይበቱን ቢከፍት የከፈለውን ብር በዓይበቱ አፍ ላይ አገኘው። እነዚህ ሰዎች ረኃብ አሳድዷቸው የሄዱ ነበሩ፤ ከአንቺ ያላነሰ ችግር ነበረባቸው። ሆኖም «ተመስገን» አላሉም፤ ልባቸው ደነገጠ፥ እየተንቀጠቀጡም «እግዚአብሔር ያደረገብን ይህ ምንድር ነው?» ተባባሉ (ዘፍ. 42፥28)። አባታቸው ያዕቆብም ዳግመኛ ሲልካቸው ለአዲሱ እህል የሚሆነውን ብር ብቻ አላስያዛቸውም፤ የተመለሰውንም ጨምረው እንዲወስዱ፥ ምናልባት በስሕተት ሊሆን ይችላል ሲል አዘዛቸው (ዘፍ. 43፥12)። ሽማግሌው ስሕተቱ የማን እንደ ሆነ አልመረመረም፤ የራሱ ያልሆነ ብር በቤቱ እንዳያድር ብቻ ተጠነቀቀ።

የሚያስደንቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ብሩን ይዘው በቀረቡ ጊዜ የዮሴፍ ቤት አዛዥ አትፍሩ፥ በዓይበታችሁ መዝገብ የሰጣችሁ አምላካችሁ ነው፥ ብራችሁስ ደርሶኛል አላቸው (ዘፍ. 43፥23)። «እግዚአብሔር ሰጠህ» የሚለው ቃል በዚህ ታሪክ ውስጥ በእርግጥ አለ፤ የተናገረው ግን ብሩን ያገኘው ሰው ሳይሆን ብሩን መቀበል የሚገባው ነው፤ የተናገረውም የተመለሰውን ብር ይዘው ወደ ደጁ ከመጡ በኋላ ነው። አንቺ ይህን ቃል ለራስሽ ተናገርሽው፤ የሱቁ ባለቤት ግን ገና ምንም አልሰማም።

ስለ ችግርሽ መጸለይሽን አላቃልልም፤ እግዚአብሔር የተቸገረውን ይሰማል። ነገር ግን የነቢያት ወገን የነበረውን ሰው መበለት አስቢ። አበዳሪው ሁለት ልጆችዋን ባሪያ አድርጎ ሊወስዳቸው በመጣ ጊዜ በኤልሳዕ ቃል ዘይቷ በዛላት፤ ይህ ያለ ጥርጥር የእግዚአብሔር ስጦታ ነበር። ነቢዩ ግን ብዪ ጠጪ አላላትም፤ ዘይቱን ሽጠሽ ዕዳሽን ክፈዪ፥ አንቺና ልጆችሽም በተረፈው ኑሩ አላት (2ኛ ነገ. 4፥7)። በተአምር የመጣው እንኳ ዕዳ ከፍሎ ነው የተበላ፤ ማሽን ሳተ ብለን የምናስቀረውማ እንዴት ይሆናል?

ወደ ምጽዋቱ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አባት ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኔ ቀርበው ከካፖርታቸው ኪስ አራት እጥፍ የታጠፈ ደረሰኝ አወጡ። እንዲህ ያለው ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለ ሆነ ሲቆይ ይደበዝዛል፤ ሲዘረጉት ነጭ ሆኖ የሱቁ ስም ብቻ በጭላንጭል ይነበብ ነበር። እንደ አንቺ ገንዘባቸው ተመልሶላቸው፥ እርሳቸውም ለድኆች ሰጥተውት ነበርና «ለእግዚአብሔር ከሰጠሁት ለሱቁ መስጠት ይቀርልኛልን?» ብለው ጠየቁኝ። ወደ ሱቁ ሄደው እንዲናገሩ ነገርኋቸው። በሳምንቱ ሲመለሱ ፊታቸው ተለውጦ ነበር፤ የዚያን ቀን ጉድለት በገንዘብ ያዧ ላይ ተቆጥሮ ከደመወዟ ተቆርጦ ኖሯል። «ለካ የመጸወትሁት ከዚያች ልጅ ቦርሳ አውጥቼ ነው» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ የለኝም።

መጽሐፍም የሚያዝዘው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። የሌላውን ገንዘብ የያዘ ሰው ለባለቤቱ ይመልሳል፤ ባለቤቱም የሚቀበልለት ዘመድም ሲታጣ ብቻ ለእግዚአብሔር ይሆናል (ዘኍ. 5፥7-8)። ጌታችንም መባውን ይዞ በመሠዊያው ፊት የቆመውን ሰው፥ ወንድምህ የሚከስስህ ነገር ካለው መባህን በዚያ ትተህ አስቀድመህ ሂድ ብሎታል (ማቴ. 5፥23-24)። ለነዳያን የሰጠሽው ምጽዋት ነው፤ ምጽዋት ሆኖ ይቆጠርልሻል፤ ከዕቃው ዋጋ ላይ ግን አንዲት ሳንቲም አይቀንስም። ኦሪት አምስተኛ እጅ ጨምሮ መመለስን ታዝዛለች፤ ይህን እኔ በአንቺ ላይ አልጭንም፤ ካወቅሽ በኋላ ስላለፉት ወራት ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ።

አሁን ከመሄድሽ በፊት ከባንክሽ የዚያን ሰሞን የሒሳብ ዝርዝር አውጪና ሁለቱንም ሙከራዎች ተመልከቺ፤ እንቢ ያለው የመጀመሪያውም ገንዘብ ይዞ ሊሆን ይችላልና። አንዱ ተቆርጦ አንዱ ብቻ የተመለሰ ከሆነ ከፍለሻል፥ ሁለተኛ አትከፍዪም። ሱቁ «አልደረሰኝም» ቢልም አትጣዪ፤ በደረሰኙና በዝርዝሩ ላይ ያለውን የክፍያ ቁጥር ስጪ፥ ባንኮቹም ይፈልጉት። ሁለቱም ተመልሰው፥ ወይም አንዱ ብቻ ተቆርጦ እርሱም ተመልሶ ከሆነ ግን ዝርዝሩን ይዘሽ ለኃላፊው አሳዪና ክፈዪ፤ በዚያ ሰዓት ቆሞ የነበረው ገንዘብ ያዥ ጉድለቱን ከፍሎ እንደ ሆነም ጠይቂ፥ ገንዘቡ ለእርሱ እንዲመለስለት። በአንድ ጊዜ መክፈል ቢያቅትሽ ችግርሽን ሳትደብቂ ጊዜ ለምኚ፤ ጊዜ መለመን ነውር የለበትም።

ባለቤቱ ሁሉን ሰምቶ በፈቃዱ «ይቅርልሽ» ቢልሽ ደግሞ እንቢ አትበዪ፥ ተቀበዪ። አዛዡ «ብራችሁስ ደርሶኛል» ያለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነውና፥ ያን ቀን ወደ ቤትሽ ስትመለሺ ከወራት በፊት ያቀረብሽውን ምስጋና ያለ ፍርሃት ደግመሽ አቅርቢ።