በሬው ከመሸጡ በፊት

ጥያቄ፦ የምንኖረው በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸና አካባቢ ሲሆን መተዳደሪያችን ግብርና ነው። ታናሽ እህቴ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን በጥሩ ውጤት አልፋ የዩኒቨርሲቲ ምደባዋን እየጠበቀች ነው። አባታችን ለትምህርቷ ብለው ካሏቸው ሁለት በሬዎች አንዱን ሊሸጡ ተነሥተዋል። አቅም ለሌላቸው ጎበዝ ተማሪዎች የሚሰጥ ድጋፍ ካለ ብታስረዱን።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አባትዎ በሬውን እንዳይሸጡ አጥብቀን እንመክራለን። በመደበኛው የመንግሥት ምደባ የሚገባ ተማሪ የትምህርቱን፣ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ አስቀድሞ አይከፍልም፤ በደንብ ቁጥር 91/1995 በተጀመረው የወጪ መጋራት አሠራር ውል ፈርሞ ይማርና ድርሻውን ሥራ ከያዘ በኋላ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። ብዙ ወላጆች «ውል» ሲባል መሬታቸው በዕዳ የሚያዝ እየመሰላቸው ስለሚሰጉ፣ ይህን ለአባትዎ ረጋ ብለው ያስረዷቸው።

ከቤት የሚወጣው እንግዲህ የመጓጓዣው፣ የልብሱና የጽሕፈት መሣሪያው ወጪ ነው። ቀላል አይደለም፤ እህትዎ ገና ስትመዘገብ ችግረኛ ተማሪዎች የሚረዱበት መንገድ መኖሩን የተማሪዎች አገልግሎት ክፍልን ትጠይቅ። ከዚህ ሰፋ ያለውን ድጋፍ የሚሰጡ የስኮላርሺፕ መርሐ ግብሮችም አሉ፤ ለምሳሌ የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚያካሂደው መርሐ ግብር በትምህርታቸው ብርቱ ሆነው አቅም ያነሳቸውን፣ በተለይም አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ይደግፋል።

እንዲህ ላለው ውድድር ከትራንስክሪፕቷ ጋር የቤተሰቡን የኑሮ ሁኔታ የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ ካሁኑ ያዘጋጁላት፤ ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ ከገጠር ወረዳ ከተማ ድረስ መመላለስ ቀነ ገደቡን ያሳልፋል። ከሁሉ በላይ ግን የመምህሯ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲታሰብበት እንፈልጋለን። ፈተናውን ማለፍ ራሱ ቀላል አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት ተምራ ያለፈች ልጅና ሁሉ በተሟላለት ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ እኩል ነጥብ ቢያመጡ፣ በእኛ እምነት የእርሷ ብልጫ የጎላ ነው፤ መራጮቹ ግን ይህን ከነጥቡ ብቻ ሊያነቡት አይችሉም። ስለዚህ መምህሯ «ጎበዝና ጨዋ ናት» ብለው እንዳያበቁ ይለምኗቸው፤ በየቀኑ ስንት ሰዓት እየተጓዘች እንደተማረች፣ የትኛው ትምህርት መምህር እንዳልነበረውና ያንን እንዴት እንደተወጣችው ይጻፉላት።