«ልጄ ጋራዥ ነው የሚውለው፣ አባቱ ደግሞ ሐኪም ካልሆነ ይላል»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ልጅ አለኝ፣ 16 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሰፈራችን ያለ ጋራዥ ይውላል። ቤት ውስጥ የተበላሸ ነገር ካለ ፈታትቶ ይሠራዋል። ውጤቱ መካከለኛ ነው። አባቱ «ሐኪም ወይ ኢንጂነር ሁን፣ በግሪስ እጅህን አታበላሽ» እያለ ይቆጣዋል። የእህቴ ልጅ ግን በዲግሪ ተመርቃ ይኸው ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጣለች። ግራ ገባኝ። — እናት፣ ከገርጂ

መልስ፦ እህቴ፣ የባለቤትሽን ስጋት አቅልለሽ አትዪው። እሱ ባደገበት ጊዜ ዲግሪ የያዘ ሰው በምደባ ሥራ ያገኝ ነበር፣ ደመወዙም ጡረታውም የታወቀ ነው። ልጁም ያን እንዲያገኝለት ነው የሚጨነቀው። አሁን ግን ነገሩ ተቀይሯል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የጨረሰም ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል፣ ያንን አልፎም ሥራ ፍለጋው ገና ነው። እኔ ብሆን ልጄን ለአንድ በር ብቻ አላዘጋጀውም።

ጋራዥ መዋሉን እኔ እወደዋለሁ። የምጠይቅሽ እዚያ ምን እየተማረ ነው የሚለውን ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፣ አዲስ አበባ ውስጥም የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ ነው። እነዚህ መኪኖች ካንዴላ የላቸውም፣ የሞተር ዘይት አይቀየርላቸውም፤ ሥራቸው ያለው ባትሪው፣ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ እንዲሆን የሚቀይረው ዕቃ) እና ሶፍትዌሩ ላይ ስለሆነ፣ ልጅሽ የድሮውን ሞተር ብቻ ለምዶ ቢቀር ከአሥር ዓመት በኋላ ይቸግረዋል። ስለዚህ ፊዚክስና ሒሳብ ላይ አትልቀቂው። ቮልቴጅና ከረንት የሚለውን ምዕራፍ ሲያነብ ጋራዥ ያየውን ነገር ነው የሚያነበው፣ ይህን ንገሪው። እንግሊዝኛም ያስፈልገዋል፣ የጥገና መመሪያ በአማርኛ ብዙ አያገኝም።

አንድ ነገር ግን አደራ። የኤሌክትሪክ መኪና ብርቱካንማ ሽቦዎች በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይሸከማሉ፣ ሰው ይገድላሉ። ጋራዡ ውስጥ በዚህ የሠለጠነ ሰው መኖሩን ሄደሽ ሳታረጋግጪ እንዳይነካቸው።

12ኛን ይጨርስ፣ ይህ ላይ ከባለቤትሽ ጋር ነኝ። ውጤት ከመጣለት ኤሌክትሪካል ወይም መካኒካል ምህንድስና ይግባ፤ ካልመጣለት ቴክኒክና ሙያ ገብቶ በየደረጃው ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) እየተፈተነ ይቀጥል፣ እስከ ደረጃ 5 መሄድ ይችላል። እስከዚያው «5 ሚሊዮን ኮደርስ» በተባለው የመንግሥት የኢንተርኔት ሥልጠና የሚሰጠውን የፕሮግራሚንግ ኮርስ በስልኩም ቢሆን ይሞክረው፣ ነፃ ነው።

አባቱን ደግሞ በክርክር አታሸንፊውም። አንድ ቅዳሜ ይዘሽው ጋራዡ ሂጂ። አንቺ ምንም አትናገሪ፣ ልጁ ራሱ የሚሠራውን ያሳየው፣ ያስረዳው። ጌታው (ባለጋራዡ) ስለ ልጁ የሚለውንም ይስማ። ብዙ አባት ልጁ ሲሠራ አይቶት አያውቅም፣ የሚያየው ሲያጠና ወይም ሳያጠና ሲቀር ብቻ ነው።

የእህትሽ ልጅ ምን እንዳጠናች ግን አልነገርሽኝም። ራሷ ትጻፍልኝ፣ በሚቀጥለው እትም ለእሷ እመልሳለሁ።