«መጨረሻ ላይ ሁላችንንም ከያዘን፣ ማዘግየቱ ምን ጠቀመ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። በኮቪድ ጊዜ «ስርጭቱን እናዘግይ፣ ሆስፒታሎች እንዳይጨናነቁ» ሲባል የእኛ ቤተሰብ አንዷን ሳያጎድል ፈጽሞታል። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። ከአንድ ዓመት በላይ የልጅ ልጆቿን ያየችው በመስኮት ነው። በኋላ ተከተበች። ተከትባም ግን ያው ያዛት። ሳምንት ያህል አሳላት፣ ከዚያ ዳነች። ታዲያ ያ ሁሉ መከራ ለምን ነበር? ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ አልጋ ሳይሞላ ቶሎ ይዞን ቢያልፍልን አይሻልም? ወንድሜ ከአሁኑ አንቲባዮቲክና ዴክሳሜታሶን ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጧል። ደግሞስ፣ እናቴ አሁን ልጆቹን እንደ ልቧ ብታቅፍ ችግር አለው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጠየቁኝ ስለ ስርጭት ነው። ውስጥዎን የሚከነክነው ግን ሌላ ይመስለኛል። «እናቴን ከልጅ ልጆቿ የለየኋት በከንቱ ይሆን?» የሚለው ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። በከንቱ አልነበረም።

እናትዎን በ2020 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) መጀመሪያ ላይ ሊይዛቸው ይችል የነበረውና በኋላ የያዛቸው በሽታ ስሙ አንድ ነው እንጂ ለእሳቸው አንድ አይደለም። በዚያን ጊዜ ክትባት አልነበረም። እኛ ሐኪሞችም የትኛው መድኃኒት እንደሚያድን አናውቅም ነበር። ዴክሳሜታሶን የተባለው ብግነትን የሚያበርድ መድኃኒት ኦክስጅን የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች ሞት እንደሚቀንስ የታወቀው በጁን 2020 ነው። ቬንቲሌተር (መተንፈሻ ማሽን) ላይ ከነበሩት መካከል ሞትን በሲሶ ያህል ቀንሷል። ክትባቱ ከምርምር ወጥቶ ለሕዝብ መሰጠት የጀመረው ደግሞ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ነው። አንድ ትልቅ ጥናት ክትባቱ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ14 ሚሊዮን በላይ ሰው ከሞት እንዳተረፈ ገምቷል። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው የ74 ዓመት እናት ደግሞ ክትባቱ በጣም ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች መካከል ናቸው።

በመስኮት ያሳለፉት ጊዜ እናትዎን እስከ ክትባቱ ድረስ አደረሳቸው። «ያው ያዛት» ብለዋል። እኔ «ተዘጋጅታ ጠበቀችው» ብል ይሻለኛል።

አንድ ነገር ግን አምናለሁ። ዓመት ሙሉ በመስኮት ብቻ መተያየት ከሚያስፈልገው በላይ ከባድ ነበር። ደጅ፣ ክፍት አየር ላይ፣ ራቅ ብሎ መቀመጥ ይቻል ነበር። እኛ ሐኪሞች ይህን ቀደም ብለን፣ ጠንከር አድርገን መናገር ነበረብን። ብቸኝነትም ሰው ይጎዳል።

ማዘግየት ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ላሳይዎ። 10 የፅኑ ሕሙማን አልጋ ያለው ሆስፒታል አለ እንበል። አንድ ታማሚ 10 ቀን ይተኛል። በየቀኑ 1 አዲስ ታማሚ ቢመጣ በ100 ቀን 100 ሰው ገብቶ ይታከማል። ማንም ከበር አይመለስም። ያው 100 ሰው በ20 ቀን ውስጥ ቢመጣስ? በቀን 5 ሰው ነው። ሁለተኛው ቀን ሲመሽ አልጋው ሞልቷል። የመጀመሪያዎቹ በ11ኛው ቀን እስኪወጡ ድረስ ቦታ የለም። በእነዚያ 20 ቀናት ውስጥ አልጋ የሚያገኙት 20 ሰዎች ናቸው። 80ው አያገኙም። በሽታው አልተለወጠም፤ የታማሚውም ቁጥር አልጨመረም። የተለወጠው የመጡበት ፍጥነት ብቻ ነው።

«ታዲያ አልጋ አይጨመርም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። ይጨመራል። ግን አልጋ ማለት ብረትና ፍራሽ ብቻ አይደለም። በፅኑ ሕሙማን ክፍል አንዲት ነርስ በደህናው ጊዜ የምትይዘው አንድ ወይም ሁለት ታማሚ ነው። ነርስ በሳምንት ውስጥ ተሠርታ አትወጣም። ኦክስጅኑንም ይዩት። ረጅሙ ሲሊንደር 7000 ሊትር ያህል ይይዛል። በጠና የታመመ ሰው በደቂቃ 10 ሊትር ይፈልጋል። ስለዚህ ያ ሁሉ ሲሊንደር ለአንድ ሰው ግማሽ ቀን ነው የሚበቃው። ሌሊቱን ሲሊንደር ሲቀይር ያደረ ሰው ይህን ሒሳብ በጀርባው ያውቀዋል። ደግሞ ታማሚው በየ3 ቀኑ እጥፍ እየሆነ ከሆነ፣ አልጋውን በሙሉ እጥፍ ቢያደርጉት የሚያገኙት ፋታ 3 ቀን ነው።

በእጥፍ የሚያድግ ነገር ያታልላል። ዛሬ 100 ሰው ተይዟል እንበል። በየ3 ቀኑ እጥፍ ከሆነ ከወር በኋላ 102,400 ይሆናል። በየ6 ቀኑ ከሆነ ግን 3,200። ማስክ ማድረግ፣ ስብሰባ መተው፣ ሲያስልዎ ቤት መቀመጥ ትንሽ ነገር ይመስላል። የሚሠራው ግን እዚህች ልዩነት ላይ ነው።

ከዚህ በፊትም ታይቷል። በ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ ጊዜ የአሜሪካዋ ፊላደልፊያ በሽታው ከተማ ውስጥ መግባቱ እየታወቀ ሴፕቴምበር 28 ቀን ትልቅ ሰልፍ አካሄደች። 200,000 ያህል ሰው ወጣ። ትምህርት ቤትና ቲያትር ቤት የተዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። ሴንት ሉዊስ ግን የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች እንደታዩ በሁለት ቀን ውስጥ መዝጋት ጀመረች። በከፋው ሳምንት ፊላደልፊያ ውስጥ ከ100,000 ሰው 257 ሞተ። ሴንት ሉዊስ ውስጥ ደግሞ 31። ያኔ ክትባት የለም፣ ቬንቲሌተር የለም። ልዩነቱ የሁለት ሳምንት ያህል ቅድሚያ ነበር።

አሁን ወደዚያች አረፍተ ነገርዎ ልምጣ። «ቶሎ ይዞን ቢያልፍልን።» ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! የተማረውም ያልተማረውም ይለዋል። ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ሰው ሲለው ሰምቻለሁ። ስለዚህ ትንሽ ብዘገይበት ይታገሱኝ።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ድሮ ወላጆች አንዱ ልጅ ጉድፍ ሲይዘው ሌሎቹን ሆን ብለው አብረው ያስተኙ ነበር። ጉድፍ በልጅነት ከያዘ ብዙውን ጊዜ ይቀላል፣ በአዋቂነት ይከብዳል። አንዴ ከያዘም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። እሱንም ቢሆን ዛሬ ክትባት ስላለው አንመክርም። አዲስ ቫይረስ ግን እንዲህ ያለ ውል አልገባልንም። ኮቪድ የያዛቸው ስንቶች ናቸው ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ የያዛቸው? «ይዞኝ አለፈ» ያለው ሁሉ አላለፈለትም።

ሁለተኛ፣ «አልጋ ሳይሞላ» ብለዋል። እንዲህ የሚያስቡት እርስዎ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ልክ ነበሩ። ግን ጎረቤትዎም፣ ባልደረባዎም፣ ወንድምዎም እንደዚያው እያሰቡ ነው። ሁሉም ቀድሞ ልያዝ ካለ ሁሉም በአንድ ሳምንት በር ላይ ይደርሳል። አልጋውን የሚሞላው እኮ ይህ ነው። ደግሞ ዛሬ ባዶ ሆኖ የሚያዩት አልጋ የዛሬውን አይነግርዎትም። ኮቪድ መጀመሪያ ላይ ከተያዘ እስኪያመው 5 ቀን ያህል ይወስድበት ነበር፤ ጠንቶበት ሆስፒታል እስኪገባ ደግሞ ሌላ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ። ዛሬ አልጋ ላይ ያለው ሰው የተያዘው ከሁለት ሳምንት ገደማ በፊት ነው። ዛሬ የተያዘው ገና ገበያ ውስጥ ነው።

ሦስተኛ፣ ቀድሞ የሚታመም ሰው የሚታከመው ሐኪሙ ምንም በማያውቅበት ጊዜ ነው። ይህን ስጽፍ ይከብደኛል። የመጀመሪያዎቹን ታማሚዎች ያከምነው እየተማርንባቸው ነው። በሆድ ማስተኛት እንደሚረዳ፣ ደማቸው እንደሚረጋና መከላከያ እንደሚያስፈልጋቸው ያወቅነው ከእነሱ ነው። ከስድስት ወር በኋላ የመጣ ሰው ያንን እውቀት አግኝቷል። እነሱ አላገኙም።

አራተኛው ለእኔ ከሁሉም ይብሳል። መቼ እንደሚያዙ መምረጥ ይችሉ ይሆናል። ለማን እንደሚያስተላልፉ ግን አይመርጡም። ኮቪድ ምልክት ሳይታይ ከሁለት ቀን ገደማ በፊት ጀምሮ ይተላለፍ ነበር። ደህና ነኝ ብለው እናትዎን ምሳ ያበሏቸው ቀን ሊሆን ይችላል። እርስዎ ጤነኛ ጎልማሳ ከሆኑ በቀላሉ የመዳን ዕድልዎ ትልቅ ነው፤ ይህን ሳልደብቅ ነው የምነግርዎ። በመጀመሪያው ጊዜ ከ100 ሰው 80ው ያለ ኦክስጅን ይድን ነበር። 15 ያህሉ በጠና ታመመ፣ 5 ያህሉ ደግሞ ለሕይወቱ አሠጋው። ሆስፒታል የሚሞላው 80ው በሰላም ሲያልፉ በመንገዳቸው ላይ በነኳቸው ሰዎች ነው።

ሆስፒታል ሲሞላ ደግሞ የሚጎዳው የወረርሽኙ ታማሚ ብቻ አይደለም። ምጥ ጠንቶባት ቀዶ ጥገና የምትፈልግ እናት አለች። ልቡን የያዘው ሰው አለ። መኪና የገጨው ልጅ አለ። እነዚህ «ወረርሽኙ እስኪያልፍ ጠብቁ» አይባሉም። ስለዚህ እባክዎ፣ «ቶሎ ይያዘን» የሚለውን ከቤትዎ ያውጡት።

የወንድምዎ መሳቢያ። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። ስንት ዓመት ተናገርን! ዴክሳሜታሶን ደግሞ ሕይወት አዳኝ ነው ያልኩት ኦክስጅን ለሚያስፈልገው ሰው ነው። ይህን ባሳየው ጥናት ውስጥ ኦክስጅን የማያስፈልጋቸው ሰዎች ምንም አልጠቀማቸውም፤ እንዲያውም ሊጎዳ እንደሚችል ፍንጭ ታይቷል። ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት ገና በሚነሳበት ሰዓት ያደክመዋል። ስኳርን ሽቅብ ይወስዳል። እናትዎ ስኳር አለባቸው! ያ መድኃኒት ሳል በተሰማ ቁጥር ለእሳቸው ቢሰጥ፣ ወረርሽኙ ሳይሆን ስኳሩ ሆስፒታል ሊያስገባቸው ይችላል።

ከዚህ ሌላ ጉዳቱ ማዘናጋቱ ነው። ትኩሳት ያወርዳል፣ የምግብ ፍላጎት ይመልሳል። ሰው ተሻለኝ ብሎ ይቀመጣል። አንድ አባት ቤት ውስጥ እንዲህ ሲውጡ ቆይተው በአሥረኛው ቀን አመጧቸው። ቁጭ ብለው ያወሩኛል። ጣታቸው ላይ የኦክስጅን መለኪያውን ሳደርግ 71 በመቶ አለ። ልጆቻቸው «ትንሽ ሳል ነበር» አሉኝ። ተርፈዋል፤ ግን ሦስት ሳምንት ቬንቲሌተር ላይ ቆይተው ነው። በአምስተኛው ቀን ቢመጡ በአፍንጫ በሚሰጥ ኦክስጅን ጥቂት ቀን ተኝተው ይወጡ ነበር ብዬ አምናለሁ። ያ አልጋ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሌላ ሁለት ሰው ይይዝ ነበር። ዘግይቶ መምጣትም ሆስፒታል ይሞላል።

ስለዚህ ወንድምዎ መድኃኒቶቹን ወደ ፋርማሲ ይውሰድና እንዲያስወግዱለት ይስጥ። በምትኩ የጣት ኦክስጅን መለኪያ ይግዛ። በፊት ሳንባው ደህና የነበረ ሰው 94ና 93 ካሳየ ለሐኪም ይደውሉ። 92 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይሂዱ። መሣሪያው ጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ደህና ቢመስልም፣ አንድ አረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መጨረስ ያቃተውን፣ ከንፈሩ የጠቆረውን ወይም ግራ የተጋባውን ሰው ቁጥር አይተው ቤት አያስቀምጡት። በተለይ ከታመመ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ድረስ ዓይንዎን አይንቀሉ።

የመጨረሻዋ ጥያቄዎ። አዎ፣ እናትዎ ልጆቹን ይቀፉ። ዛሬውኑ። የጊዜውን ክትባት ካልወሰዱ ይውሰዱ። ከልጆቹ አንዱ ካሳለው ወይም ካተኮሰው ደግሞ እሱ እስኪሻለው ጥቂት ቀን ይጠብቅ፤ ሌሎቹ ይሂዱ። አንድ ቀን ሌላ ወረርሽኝ መጥቶ እንደገና ራቁ ቢባል፣ ወንበሮቹን ደጅ ያውጡና ከእናትዎ ራቅ ብላችሁ እዚያ ተቀመጡ። መስኮቱን ለዝናብ ቀን ብቻ ይተዉት።