ሳምንታዊ ሪፖርት ለምትሞሉ ልጆች

ይህን የምጽፈው በመሐል ሜዳ፣ በአንኮበር፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢት ጤና ተቋማት አዲስ ለተመደባችሁ ልጆች ነው። በተለይ የኢንፍሉዌንዛ ቅኝቱን ፎርም፣ በየሳምንቱ የታማሚ ቁጥር የሚሞላበትን፣ «ወጣት ነህ፣ አንተ ያዘው» ተብላችሁ ለተሰጣችሁ። በደብረ ብርሃን ብርድ የማያስል ማን አለ፣ ሳል መቁጠርስ ምን ሥራ ነው ትሉ ይሆናል።

ትልቅ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የኢንፍሉዌንዛ መረብ ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ዛሬ ከ120 በላይ አገሮች ከታማሚ የተወሰደ ናሙና እየመረመሩ ውጤቱን ፍሉኔት ወደሚባል የጋራ ቋት ያስገባሉ፤ የእኛ የሚመረመረው አዲስ አበባ፣ በኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ የካቲትና መስከረም አካባቢ፣ ባለሙያዎች ተሰብስበው ቀጣዩ ክትባት የትኞቹን የቫይረስ ዝርያዎች ይያዝ የሚለውን ይመክራሉ። ከእኛ በኩል ናሙና ካልሄደላቸው እኛ ጋ የሚዞረውን ቫይረስ በምን ያውቁታል?

ናሙና የሚወስዱት የተመረጡ ተቋማት ናቸው። የእናንተ ከነዚያ ባይሆንም ፎርሙ ላይ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ ሳጥኑን ባዶ አትተዉት። ታማሚ ካልመጣ ዜሮ ጻፉ። ዜሮ ሲኖር ሰው ተፈልጎ እንደታጣ እናውቃለን፣ ባዶ ከሆነ ግን የፈለገ ሰው መኖሩንም አናውቅም። በ2020 እ.ኤ.አ. ኢንፍሉዌንዛ በመላው ዓለም ድንገት ሲቀንስ፣ ላቦራቶሪው ሁሉ በኮቪድ ስለተጠመደ ነው ብለው የጠረጠሩ ነበሩ። መልስ የተገኘው የተመረመረው ሰው ቁጥርም አብሮ ስለተመዘገበ ነው፤ ብዙ ናሙና ታይቶ ቫይረሱ የተገኘው በጥቂቱ ብቻ ነበር። ቢ ያማጋታ የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ዝርያ ከመጋቢት 2020 ወዲህ መኖሩ ስላልተረጋገጠ ከክትባቱ እንዲወጣ ተመክሯል። እንዲህ ያለ ትልቅ ውሳኔ የቆመው በየቦታው በተጻፈ ዜሮ ላይ ነው።

ሌላው የሕመሙ መነሻ ቀን ነው። ኢንፍሉዌንዛ መሰል ሕመም የምንለው ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ወይም በላይ የሆነ፣ ሳል ያለበት፣ ከጀመረም ከ10 ቀን ያልበለጠ ነው። የመንዝ እናት ግን «ከሚካኤል ማግስት ነው የጀመረኝ» ነው የሚሉት። እዚያው ፊታቸው ቁጭ ብላችሁ ወደ ቀን ቀይሩት፣ የትኛው ወር ሚካኤል እንደሆነም ጠይቁ። ማታ በግምት የተሞላ ቀን ጭራሽ ካልተጻፈ ቀን ይብሳል፣ ምክንያቱም ማንም አይጠረጥረውም።

የአውሮፓን ወቅትም አትዋሱ። ለምድር ወገብ በቀረቡ አገሮች ኢንፍሉዌንዛ ዓመቱን ሙሉ ሊዞር ይችላል፣ የሚበረታበትም ወር ከአገር አገር ይለያያል። ስለዚህ ሐምሌም፣ ግንቦትም፣ ታኅሣሥም እኩል ንቁ ሁኑ።

ናሙና የመውሰድ ዕድል ከደረሳችሁ ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይዛችሁ፣ ቢቻል በ72 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ አድርሱት። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ሙቀቱን ያውቀዋል፤ በረዶው መንገድ ላይ እንዳያልቅ ከመነሻው አስቡበት።

አያቶቻችን የሚያወሩት የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ፣ ያ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ፣ በአገራችን ስንት ሰው እንደፈጀ ዛሬም በግምት ነው የሚነገረው። በየወረዳው ቆጥሮ የሚልክ ሰው አልነበረም። አሁን እናንተ አላችሁ።

አንድ ቤት ውስጥ ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ በከባድ የሳንባ ሕመም ከወደቀ፣ አስታማሚው ጤና ባለሙያ ራሱ ከታመመ፣ ወይም ታማሚው ቤት ዶሮዎች በብዛት ካለቁ ግን ሳምንታዊውን ሪፖርት አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወረዳ ደውሉ።