ቡናውን ልተው ወይስ ሰዓቱን ልቀይር?

ጥያቄ፦ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ለክትትል በሄድኩበት ጤና ጣቢያ ደም ማነስ እንዳለብኝ ተነግሮኝ የአይረን ክኒን ታዘዘልኝ። በሰፈራችን ከቁርስም ከምሳም በኋላ ማዕዱ እንደተነሳ ጀበና ይጣዳል፤ ክኒኑንም የምውጠው አቦሉን እየጠጣሁ ነው። አንዲት ጎረቤቴ «ደምሽን የጨረሰው ቡናው ነውና ተይው» አለችኝ። ለጅማ ሰው ቡና መተው ቀላል አይደለምና እውነቱን ንገሩኝ።
(ከሄርማታ፣ ጅማ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጎረቤትዎ ያሉት በከፊል እውነት ነው። ቡና ሰውነት ውስጥ ያለን ደም አይጨርስም፤ ነገር ግን ፖሊፊኖል የተባሉት ንጥረ ነገሮቹ ከሽሮ፣ ከምስር፣ ከጎመንና ከእንጀራ የምናገኘውን አይረን አንጀት ውስጥ ይዘው ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። ሥጋ ከስንት አንዴ ብቻ በሚበላበት ቤት ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ከሁሉ በላይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ሰዓቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመ አንድ ጥናት፣ ሥጋና ዳቦ ካለበት ምግብ ጋር የተጠጣ ቡና ወደ ሰውነት የሚገባውን አይረን በ39 በመቶ ቀንሶታል። ከምግቡ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣም ቅናሹ ያው ነበር፤ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ግን ምንም አልቀነሰም። ሻይ ደግሞ በዚያው ጥናት 64 በመቶ ስለቀነሰ፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉት ቡናን በሻይ መተካት መፍትሔ አይሆንም። ስለዚህ ማዕድ እንደተነሳ ጀበና የመጣዱ ልማድ፣ ምንም ያህል ብንወደው፣ ለነፍሰ ጡር የማይስማማው ሰዓት ላይ የዋለ ነው። ቁርስዎን 1 ሰዓት፣ ምሳዎን 7 ሰዓት ላይ የሚበሉ ከሆነ ቡናውን ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ያድርጉት፤ ጎረቤቶችዎም ምክንያቱን ሲሰሙ ሰዓቱን አብረውዎ እንደሚያሸጋሽጉ አምናለሁ። ክኒኑን ከቡናም ከሻይም በራቀ ሰዓት በውሃ ይዋጡት። ምሳው ላይ ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ፣ ጥሬ ቲማቲምና ቃሪያ ቢጨምሩ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ አይረኑ በደንብ እንዲሰርግ ያግዛል።

መጠኑም ቢሆን መቀነስ አለበት። በእርግዝና ወቅት፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት፣ ካፌይን ከሰውነት የሚወጣው ከወትሮው እጅግ ዘግይቶ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በቀን ከ300 ሚሊግራም በላይ የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች እንዲቀንሱ ይመክራል። የጀበና ቡና ከቤት ቤት ስለሚወፍርና ስለሚቀጥን ሚሊግራሙን በሲኒ መቁጠር ያስቸግራል። በእኔ አስተያየት አንድ ሲኒ ይበቃዎታል፤ ቶናውንና በረካውን ለሌሎቹ ይተዉላቸው።

ደም ማነሱን ያመጣው ግን ቡናው ብቻ ነው ብለው እንዳይደመድሙ እለምንዎታለሁ። ወባና የአንጀት ጥገኛ ትላትልም ደም ያሳንሳሉና በሚቀጥለው ቀጠሮዎ የደምና የሰገራ ምርመራ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ፤ ክኒኑንም ባለሙያው ሳያዝዝዎ አያቋርጡ።