ሦስት የጥሪ ካርድ የደረሰው ጎረቤቴ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ለጂማት፣ ለቢዝነስ ማስተርስ መግቢያው ፈተና፣ እየተዘጋጀሁ ነው። ሌላው ሂሳብ ደህና ነው፤ የሚደራረቡ ቡድኖች ጥያቄ ሲመጣ ግን እጄ ይተሳሰራል። ሁለት ቡድን ከሆነ እንደምንም እወጣዋለሁ። ሦስት ሲሆን አለቀልኝ። ባለፈው ሳምንት ይቺን ሞከርኩ፦ «አንድ መሥሪያ ቤት 150 ሠራተኞች አሉት። 80ዎቹ ቡና፣ 70ዎቹ ሻይ፣ 60ዎቹ ወተት ይጠጣሉ። ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ የሚጠጡ 40 ናቸው። አንዱንም የማይጠጡ 10 ናቸው። ሦስቱንም የሚጠጡት ስንት ናቸው?» በቃሌ የያዝኩትን ቀመር አስገባሁ። መልሱ ኔጌቲቭ 30 ሆነብኝ። ምኑ ጋ ነው የሳትኩት?
ት. ከጀሞ

መልስ፦ ኔጌቲቭ 30 ሰው ቡናም ሻይም ወተትም ሲጠጣ አይቼ አላውቅም። ግን አይዞሽ ልጄ፣ ቀመርሽ ልክ ነው። ያለቦታው ነው ያስገባሽው።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ታላቋን ልጄን የዳርኩ ጊዜ የጥሪ ካርድ መጻፉ እኔ ላይ ወደቀ። «የሂሳብ አስተማሪ አይደለህ እንዴ!» ተባልኩ። ሦስት ዝርዝር ፊቴ ተቀመጠ፦ የእድሩ፣ የጽዋ ማኅበሩና የመምህራኑ። እኔም ከላይ እስከ ታች እያየሁ ጻፍኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ጎረቤቴ በሩን አንኳኳ። እድርተኛዬ ነው፣ አብረን ጽዋ እንጠጣለን፣ አንድ ትምህርት ቤትም አብረን አስተምረናል። ሦስት ካርድ እንደ ካርታ ጨዋታ ዘርግቶ «ሦስቴ ልምጣ ወይስ ሦስት ሆኜ ልምጣ?» አለኝ። ባለቤቴ እስከዛሬ ትስቅብኛለች።

ሰውዬው አንድ፣ ካርዱ ሦስት። ትርፉ ሁለት ነው። በሁለቱ ዝርዝር ብቻ የነበሩት ደግሞ ሁለት ሁለት ካርድ ደርሷቸዋል፤ እነሱ ጋ ትርፉ አንድ አንድ ነው። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ወደ ጥያቄሽ እንምጣ። 80፣ 70 እና 60 ሲደመሩ 210 ይሆናሉ። ይህ የሲኒ ቁጥር እንጂ የሰው ቁጥር አይደለም። ሰዉ ስንት ነው? ከ150ው ላይ አንዱንም የማይጠጡትን 10 አውጪ፤ 140 ቀረ። 140 ሰው 210 ሲኒ ይዟል። ትርፉ 70 ነው። ሁለቱን ብቻ የሚጠጣ ሰው አንድ ትርፍ ሲኒ ይይዛል፤ 40 ሰው ስለሆኑ 40 ትርፍ። የቀረው 30 ትርፍ ሲኒ ሦስቱንም የሚጠጡት እጅ ላይ ነው። እነሱ ደግሞ ሁለት ሁለት ትርፍ ይይዛሉ። 30 ለ2 ሲካፈል 15። ቀመር የለ፣ ቡድኖቹን በሚደራረቡ ክቦች መሳል የለ።

አንቺ የተጠቀምሽው «ሦስቱን ደምር፣ የጥንድ ጥንዶቹን ቀንስ፣ የሦስቱንም መልሰህ ደምር» የሚለውን ነው። እሱ የሚሠራው ጥያቄው «ቡናና ሻይ የሚጠጡ 30፣ ሻይና ወተት 25፣ ቡናና ወተት 30» ብሎ ሲሰጥሽ ነው። እዚህ ውስጥ «ብቻ» የምትል ቃል የለችም። ቡናና ሻይ ከሚጠጡት 30ዎቹ መሀል ወተትም የሚደግሙ አሉበት። ሦስቱን ጥንዶች ስትደምሪ 85 ይመጣል፤ በዚህ ውስጥ 15ቱ ሰዎች ሦስት ጊዜ ተቆጥረዋል። 45ቱን ብታወጪ 40 ይቀርሻል። ያው ያንቺው 40! መሥሪያ ቤቱ አንድ ነው፣ የተለየው አነጋገሩ ነው። በዚህኛው 210 ሲቀነስ 85 ሲደመር 15 ብትይ 140 በትክክል ይወጣል። አንቺ ግን በ85 ቦታ 40ን አስገባሽ። ኔጌቲቩ የመጣው ከዚያ ነው።

ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት ቃሏን ፈልጊ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ «ኤግዛክትሊ ቱ» ካለ ሁለት ብቻ ነው። «አት ሊስት ቱ» ካለ ግን ሦስቱንም የሚጠጡት ገብተውበታል፤ በኛ መሥሪያ ቤት 55 ይሆናሉ።

(እግረ መንገዴን፦ በሂሳብ ቡድን በእንግሊዝኛ «ሴት» ይባላል። ክፍል ውስጥ «ሁለት ሴት አለን እንበል» ስል ተማሪው በሳቅ ይፈርስ ነበር። ለዚህ ነው እዚህ «ቡድን» የምለው።)

ክቦቹን ጨርሰሽ ጣያቸው አልልሽም። እንግሊዛዊው የሎጂክ ሊቅ ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1880 ያሳተማቸው ሥዕሎች ናቸው፤ የካምብሪጅ ኮሌጁ የመስኮት መስታወት ላይ በቀለም አሠርቶለታል። ጥያቄው ስለ አንዲት ቁራጭ ሲሆን፣ ለምሳሌ «ቡና ብቻ የሚጠጡት ስንት ናቸው?» ካለሽ፣ ሳዪያቸው። ከመሀል ጀምረሽ ወደ ውጭ ሙዪ። መሀሉ 15፤ ቡናና ሻይ ብቻ 15፤ ቡናና ወተት ብቻ 15። 80 ሲቀነስ 45፣ ቡና ብቻ 35። ፈተና ማዕከል የሚሰጥሽ እየጠፋ የሚጻፍበት ሰሌዳና ማርከር ነው፤ ጫፉ ወፍራም ስለሆነ ክቦቹን ትልልቅ አድርጊያቸው። ለ21 ጥያቄ 45 ደቂቃ ነው ያለሽ። ክቡን ማሳመር የለም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የምፈተነው ጂአርኢ፣ የድኅረ ምረቃ መግቢያውን ፈተና፣ ነው። ስንት ሰው እንዳለ ሳይናገሩ በፐርሰንት ብቻ ሲጠይቁኝ ግራ ይገባኛል። ካልኩሌተሩስ ይጠቅመኛል?
ዳ. ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ 100 ሰው አለ በልና ጀምር። ቡድኑ ሁለት ከሆነ ክብ ሳይሆን ሠንጠረዥ አስምር። «ከአመልካቾቹ 60 ከመቶው ሴቶች ናቸው። ከሴቶቹ 40 ከመቶው የሥራ ልምድ አላቸው። ከጠቅላላው ልምድ ያላቸው 50 ከመቶ ናቸው። ልምድ የሌላቸው ወንዶችስ?» እንበል። ወደ ጎን ልምድ ያላቸውና የሌላቸው፣ ወደ ታች ሴትና ወንድ። ሴት 60፣ ወንድ 40። ልምድ ያላቸው ሴቶች 40 አይደሉም፤ የ60 40 ከመቶ፣ ማለትም 24 ናቸው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ወንዶች 26፣ የሌላቸው 14። «ከሴቶቹ» የምትለዋን ዘለህ 40 ብለህ ከሞላህ መልስህ 30 ይመጣል። 30 ደግሞ ምርጫው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል።

ካልኩሌተሩ ስክሪኑ ላይ አለ። ከ50 ላይ 24 ለመቀነስ ግን አትክፈተው።